የማክሰኞ ስልክ፣ የቅዳሜ መርዶ

እሑድ እሑድ የትምህርት ክፍላችን ቢሮ የሚከፈተው ለአንድ ሰው ነበር። ደብረ ታቦር ያን ጊዜ የሞባይል ኔትወርክ ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚጠፋ ነገር ነው፤ ከአገር ውጭ መደወልማ ባይታሰብ ይሻላል። የክፍሉ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ያለው የመስመር ስልክ ግን ደህና ይሠራ ነበር። ከናይጄሪያ የመጣው የሥራ ባልደረባዬ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከተማው ቁርሱን ሲበላ፣ ቁልፉን ከጥበቃው ተቀብሎ ይገባና የእናቱን ስልክ ይጠብቃል። ስልኩ ሲጮኽ ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ይንበረከካል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን የጠፋበትን ነገር የሚፈልግ መስሎኝ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ አብሬው ፈልጌያለሁ።

የሚንበረከከው እናቱን ሰላም ለማለት ነው። ዮሩባ ነው፤ በነሱ ዘንድ ልጅ ወላጁን ቆሞ ሰላም አይልም፣ በስልክም ቢሆን። እናቱ ደግሞ ገና «እንዴት አደርክ» ሳትለው ኦሪኪውን ትጠራለታለች። ኦሪኪ የውዳሴ ግጥም ነው። ሰው ሲወለድ የራሱ ይሰጠዋል፣ የዘሩንም ይወርሳል፤ ከተማም የራሱ አለው፣ ወንዝም የራሱ አለው። የእናቱ ወገኖች ከቅጠል በሚወጣ ሰማያዊ ቀለም ጨርቅ የሚነክሩ ሴቶች ነበሩ። ግጥሙ እነሱን ከመጀመሪያዋ ጀምሮ ያነሳቸዋል፤ የትኛዋ የንጉሥ ልብስ እንደነከረች፣ የትኛዋ ስስታም እንደነበረች፣ የትኛዋ እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ እንደሆነ እንደተቀበረች። እሑድ እሑድ ከዚህ ሁሉ መግቢያውን ብቻ ትልለትና በመጨረሻ እሱ ላይ ትደርሳለች፤ «አንተ የነሱ ልጅ» ትለዋለች። ድምፅዋ ከስልኩ እጀታ ወጥቶ ቢሮውን ይሞላዋል። ቋንቋውን አላውቅም፤ ግን እስክትጨርስ ድረስ በሩን አልለቅም።

«ምን ይሰማሃል?» አልኩት አንድ ቀን።

«ራሴ ያብጣል» አለኝ። በነሱ ቋንቋ እንደዚያ ነው አሉ የሚባለው። ኦሪኪውን የሰማ ሰው በኩራት ራሱ ያብጣል፣ ከወንበሩ ከፍ ብሎ ይነሳል።

እኔ የማስተምረው የአማርኛ ሥነ ቃል ነው፤ እሱ የመጣው እንግሊዝኛ ሊያስተምር። ስለ አፍሪካ ሥነ ቃል አንድ ኮርስ በጋራ እናዘጋጅ ተባባልንና ሁለት ዓመት ያህል ከሰዓት በኋላችንን አንድ ክፍል ውስጥ አሳለፍነው። ዕጣ ጥለው የሚናገሩ አዋቂዎቻቸው በቃላቸው የያዙትን የኢፋን ግጥም እየተረጎመ አነበበልኝ። አዳኞቻቸው አውሬውን ሳይገድሉት በፊት የሚያወድሱበትን ኢጃላ አዜመልኝ፤ እኔም የእኛን ፉከራ አሰማሁት፣ ድምፄ ለፉከራ ባይሆንም። ብዙ ጊዜ እንጣላ ነበር። እሱ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ረጅም፣ ብርድ የማይወድ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ቶሎ የምናደድ ነኝ።

አንድ ቀን ጋፋት ለቅሶ ደርሰን በእግር እንመለሳለን። አልቃሿ ሟቹን አንስታ አልጠገበችም፤ በሬዎቹን፣ ቁመቱን፣ እንግዳ አቀባበሉን፣ ሳቁን ሳይቀር በግጥም ስታወርድ ሰው ሁሉ ደረቱን ሲመታ ነበር።

«ይህን ሁሉ ሰውዬው ሰምቶት ያውቃል?» አለኝ።

«ምኑን?»

«እንደዚህ ያለ ሰው መሆኑን። ማን ነግሮታል?»

ተናደድኩ። «ፉከራ የለንም? የሠርግ ዘፈን የለንም? ሰው በቁሙ አይወደስም ያለህ ማን ነው?»

«ስለ እናንተ አልጠየቅኩሽም» አለ። «ስለ ሰውዬው ነው የጠየቅኩሽ።»

ረገጥ ረገጥ እያደረግኩ ቀድሜው አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። ለሁለት ቀን አላናገርኩትም።

አንድ የቅኔ መምህር ዘንድም ወስጄው ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ደብር አጠገብ ጎጆ አላቸው፤ ሰው ማስደሰት የማይሆንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ከሩቅ የመጣ ሁሉ ስለ ሰምና ወርቅ እየጠየቀ አሰልችቷቸዋል። እሱ ግን ገብቶ ሰላም ብሎ ዝም አለ። ዝምታው ደስ አላቸው መሰለኝ፣ «እስቲ የአገርህን አሰማኝ» አሉት። የእናቱን ወገን ኦሪኪ ጀመረ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። መካከል ላይ ሲደርስ አቆመ።

«ምነው?» አሉ።

«ከዚህ በኋላ ያለውን አልያዝኩትም። እናቴ ናት የያዘችው።»

ተረጎምኩላቸው።

«ምን ያህሉ ቀረው?»

«የሚበልጠው።»

«ሌላ የያዘ ሰው አለ?»

«የለም። እህቶቿ ሁሉ ሞተዋል።»

የኔታ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል በይልኝ።»

ነገርኩት። ከተማ ስንገባ ወስኖ ነበር፤ የሰኔው ፈተና እንዳለቀ ይሄዳል፣ እናቱ እግር ሥር ተቀምጦ ሁሉንም ሳይዝ አይመለስም። በስልክ እንድትሰጠው ከዚያ በፊት ለምኗት እንቢ ብላዋለች። እሑድ እሑድ የምትልለት ሰላምታ ነው፤ የቀረው ፊቱን እያየች ካልሆነ ከአፏ አይወጣም። በማግሥቱ ቲኬቱን ቆረጠ። ክረምቱን እንደ ልጅ ይጠብቅ ጀመር፤ ኮርሱንም የሚጨርስልኝ ያኔ የሚያመጣው ነገር ነበር። ኮርሱ በኋላ ተፈቅዶ ዛሬ ብቻዬን አስተምረዋለሁ። ኦሪኪ ላይ ስደርስ ለተማሪዎቼ ስለ ግጥሙ አወራላቸዋለሁ እንጂ የማሰማቸው የለኝም።

በሰኔ፣ ፈተናው በተጀመረበት ሳምንት፣ ገሳይ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። በረዶ ጥሎ ቆርቆሮዋን በስቶት ነበርና አስለውጬላት ዓርብ ድንች በጫነ አይሱዙ ተመለስኩ። መናኸሪያው አጠገብ እሱን አገኘሁት፤ ጃንጥላውን ይዞ ጭቃውን እየዘለለ ይመጣል። ደስ ብሎታል።

«በዚህ ሳምንት ሰው ሁሉ ምን እንደነካው እንጃ» አለኝ። «ማንም ብቻዬን ምሳ አያስበላኝም። የቤት አከራዬማ ማታ ማታ ከልጆቿ መካከል ነው የምታስቀምጠኝ።»

«ልትሄድ ስለሆነ ነው» አልኩት።

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት።» አንድ ነገር ብቻ ጨንቆታል። የቢሮው ስልክ ተበላሽቷል ብለውታል፤ የፊታችን እሑድ ከእናቱ ጋር በምን ይገናኛል? ስልክ የሚጠግን ሰው አውቃለሁ፣ ነገ አመጣልሃለሁ አልኩት። ተለያየን።

ቤቴ ስገባ መልእክት ተቀምጦልኛል። ጧት በአሥራ አንድ ሰዓት ነጠላዬን አዘቅዝቄ የእድራችን ዳኛ ደጅ እንድገኝ። የማን እንደሆነ በመልእክት አይነገርም፣ አይጠየቅምም። ዘመዶቼን አንድ በአንድ እያሰብኩ ተኛሁ። እናቴን ከሷ ዘንድ መምጣቴ ስለሆነ ቀነስኳት። እሱን ግን ጨርሶ አላሰብኩትም፤ እዚህ የሚሞትበት ዘመድ የለውም።

ጧት ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል። ዳኛው ደጅ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። የክፍላችን ኃላፊ አለ፤ ጸሐፊዋም አለች፣ ዓይኗ አብጧል።

«የማን ነው?» አልኩ።

«የዚያ የናይጄሪያው ልጃችን እናት አርፈው ነው» አሉ ዳኛው። እድር ያስገባችው የቤት አከራዩ ናት፤ ዳኛው ግን ከሁሉም አብልጠው ይወዱታል። ዝቅ ብሎ ሰላም ሲላቸው ጊዜ የአገራችን ልጅ እንኳ እንዲህ አያከብርም እያሉ ያወሩለታል።

«መቼ ተሰማ?»

«ማክሰኞ ወንድሙ ደወለ» አለች ጸሐፊዋ። «እሱ ፈተና ክፍል ነበር። እናታችን በጠና ታማለች፣ ትፈልገዋለች፣ አሁኑኑ ይምጣ አለኝ። እያለቀሰ ነው የሚያናግረኝ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።»

«ታማለች ነው ያለሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሞተች ያላችሁ ማን ነው?»

ኃላፊያችን እንደ ሕፃን አየኝ። «አንቺ ደግሞ! የት አገር ነው ያደግሽው? ወንድ ልጅ ከዚያ ድረስ ደውሎ የሚያለቅሰው ለሕመም ነው? በስልክ የሚያረዳስ አለ?»

የት አገር እንዳደግኩማ አውቃለሁ። የገዛ አባቴ ሲሞት «ትንሽ አሞታል» ተብዬ ነው የመጣሁት። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ በግራና በቀኝ ተዘጋጅቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ይጋበዛል፣ ይጫወታል፣ ይስቃል፤ የሚያዩት ሁሉ ፊታቸውን አዙረው ያለቅሳሉ። ሰው በድንገት ሰምቶ ብቻውን እንዳይወድቅ ነው። ይህን የማያደርግ ሰው ጨካኝ ነው የሚባለው። ፈተናውን ሳይጨርስ፣ ሰውም ሳይሰበሰብ እንዳይሰማ ብለው ለቅዳሜ የቀጠሩትም ስለሚያሳዝናቸው ነው።

«ስልኩስ ምን ሆኖ ነው?» አልኳት ጸሐፊዋን።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት። ደጋግሞ ሲጮኽ ፈራሁ። እንዲያው ብቻውን ሆኖ ያነሳውና እዚያው ክልትው ቢልብኝስ?»

«አባባ፣ እባክዎ መጀመሪያ እንደውል» አልኳቸው ዳኛውን። «ታማ ብቻ ከሆነስ?»

«ልጄ፣ ሰው ወጥቷል፤ ከዚህ ወዲያ አይመለስም። እንሂድ» አሉ።

በሩን ሲከፍትልን ሹራቡን ደርቦ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ፈገግ አለ። ሊሸኙት የመጡ መስሎታል፤ «ገና ነኝ እኮ፣ ገና ነኝ» አለ በተማራት አማርኛ። ዳኛው ክንዱን ይዘው አልጋው ላይ አስቀመጡት፣ ሁለት ወንዶች ከጎንና ከጎን ተጠጉት። «ልጄ፣ እናትህ አርፈዋል። እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉት። ሴቶቹ ጮኹ። እሱ ግን ገና አልገባውም፤ በጩኸቱ መካከል ዓይኑ እኔን ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ የነገርኩት እኔ ነኝ።

አላለቀሰም። ጩኸቱ በረድ እስኪል ጠበቀ።

«ማን ነገራችሁ?»

«ወንድምህ ደውሎ።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለ። እንዳልሰማሁት መስሎት ደገመልኝ። ከዚያ ወንድሙ ያለውን ቃል በቃል እንድነግረው ጠየቀኝ። ጸሐፊዋ እንደነገረችኝ ነገርኩት። ተነሳና ጫማውን ያለ ካልሲ አጠለቀ። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ከቤት አይወጣም፣ ነውር ነው፣ አስቀምጡት እያሉ ወንዶቹ ያዙት። እጃቸውን አንድ በአንድ ከላዩ ላይ አነሳና ወጣ።

ሁላችንም ተከተልነው። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ የማን ቀብር እንደሆነ ሳያውቅ ባርኔጣውን እያወለቀ ተቀላቀለን። ዳኛው ጭቃው አስቸግሯቸው ክንዴን ይዘዋል።

«እንዲያው ሴትዮዋ በሕይወት ካሉ ምን ይውጠኛል?» አሉኝ በሹክሹክታ። «በቁም ሰው መርዶ! እኔ ነኝ እኮ በአፌ ያልኩት። ከንግዲህ በየትኛው አፌ ሰው ላረዳ ነው?»

እኔ ደግሞ እግሬ እየሮጠ ነበር። በሕይወት ትኑር፣ ከተማው ሁሉ ይፈር፣ ዳኛውም ይፈሩ፣ እሱ ግን ዛሬውኑ ይሂድ እያልኩ ነበር በልቤ። ባሕር ዳር ድረስ መኪና ከማን እንደምለምን እንኳ አስቤ ጨርሻለሁ።

ቢሮው ተከፈተ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ገመዱን መልሳ ሰካችው። እሱ ቆሞ እያያት ነው። እጀታውን ሲያነሳ ስልኩ ወዲያው ድምፅ ሰጠ፤ ምንም አልተበላሸም። ደወለ። በወዲያኛው በኩል የሴት ድምፅ አነሳና ገና የሱን ድምፅ ሲሰማ ወደ ጩኸት ተለወጠ። ከዚያ ረጅም ነገር ተነገረው። ቆሞ ሰማ። አንዲት አጭር ቃል ብቻ እየደጋገመ ይጠይቃል። ዘግቶ ሲያበቃ እጁን ከስልኩ ላይ አላነሳም።

ነገሩን ለእኔ ነው የነገረኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር። እናቱ ያረፈችው ትናንት፣ ዓርብ፣ ሲመሻሽ ነው። ማክሰኞ ከወደቀች ጀምሮ ወንድሙና እህቱ እዚህ ሲደውሉ ነው የሰነበቱት። በነሱ በኩል ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። ሐሙስ ዕለት እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጉልኝ አለቻቸው። ልጇ ያነሳው መስሏት ይሁን፣ መጠበቅ አቅቷት ይሁን እነሱም አላወቁም፤ ጀመረች። ከመጀመሪያዋ ነካሪ ጀምራ፣ እሱ የማያውቃቸውን ሴቶች ሁሉ፣ ፊቱን ካላየሁ አልሰጥም ያለችውን ሁሉ፣ ለሚጠራው ስልክ ትልለት ጀመር። መስመሩ ሲቋረጥ መልሰው ይደውሉላታል፤ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ዓርብ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ እንደዚያ ነበር።

«የያዘው ሰው አለ?» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት፤ የሰው እናት ሞታ እኔ ግጥም እጠይቃለሁ።

«ማን ይይዘዋል?» አለ። «ወንድሜ እጀታውን ይዞላት ያለቅስ ነበር። እህቴ መድኃኒት ፍለጋ ትሮጥ ነበር።»

ቢሮው ሞልቶ እስከ ኮሪደሩ ድረስ ሰው ቆሟል። እንግሊዝኛችን ስለማይገባቸው አብዛኞቹ አፋችንን ነው የሚያዩት። ዳኛው ከበሩ አጠገብ ሆነው፣ «ምን አሉት? አሉ ወይስ የሉም?» ይሉኛል።

«አርፈዋል» አልኳቸው። «ግን ትናንት ሲመሽ ነው። እስከ ትናንት ነበሩ። እየጠሩት ነበር።»

ከዚህ ሁሉ የሰሙት የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሦስት ጊዜ አማተቡ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! የሐሰት መርዶ አላረዳንም» አሉ። ሰዉም አብሯቸው እፎይ አለ፤ ከኋላ አንዷ እልል ልትል ስትል ጎረቤቷ አፏን ያዘቻት።

እሱ ወደሳቸው ዞሮ አያቸውና ወደ እኔ ተመለሰ።

«ምን አሉ?» አለኝ።

እንዳሉት ነገርኩት፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ። በዚያ ሳምንት ከእኛ ወገን ሳይውል ሳያድር እሱ ዘንድ የደረሰው ቃል ያ «ተመስገን» ብቻ ነው።